ከራስ ጋር መጫረት፦ ከቢቸና እስከ አዲስ አበባ የሚዘረጋ ማስታወቂያ እንዴት እርስ በርሱ ይጋጫል?

በታሸገ ፖስታ የሚካሄድ ጨረታ ምን እንደሚመስል ለእናንተ ማብራራት አያሻንም። ማስታወቂያው በአዲስ ዘመን ጋዜጣ ላይ ይወጣል፤ ተጫራቾች ዋጋቸውን ጽፈው፣ ፖስታውን አሽገው ሣጥን ውስጥ ይጨምራሉ፤ በተባለው ቀንና ሰዓትም ፖስታው ተጫራቾች ወይም ሕጋዊ ወኪሎቻቸው በተገኙበት ይከፈታል። አንድ ነጋዴ ለአንዱ ዕቃ ሁለት ፖስታ አስገባ እንበል፤ አንዱን ራሱ፣ ሌላውን የቅርንጫፍ ሥራ አስኪያጁ፣ አንደኛው ስለ ሌላው ምንም ሳያውቅ። ፖስታው ሲከፈት ነጋዴው ያሸነፈው የገዛ ራሱን ቅርንጫፍ መሆኑን ይረዳል። እንዲህ ያለው ነገር በሣጥን ጨረታ ላይ ብዙም አይታይም፤ ሰው ፊት ለፊት ይተያያልና። በኢንተርኔት የመረጃ መፈለጊያዎች ላይ ግን ጨረታው የሚካሄደው ከዓይን ጥቅሻ ባነሰ ጊዜ ስለሆነ፣ ባለቤቱ ከራሱ ጋር ሲጫረት ከርሞ የሚያውቀው ገንዘቡ ካለቀ በኋላ ሊሆን ይችላል።

በጉግል ላይ አንድ ቃል ጽፈን ስንፈልግ ከውጤቶቹ በላይ ወይም በታች የተከፈለባቸው ማስታወቂያዎች ብቅ ይላሉ። የትኛው ማስታወቂያ እንደሚወጣ አስቀድሞ የተወሰነ አይደለም። ፍለጋው በተደረገ ቁጥር አዲስ ጨረታ ይካሄዳል፤ ተጫራቹም የሚከፍለው ማስታወቂያው በመታየቱ ሳይሆን አንድ ሰው ጠቅ ሲያደርገው ነው። በዚህ ጽሑፍ የምንመለከተው ለአካባቢና ለመላ አገሪቱ ሁለት የማስታወቂያ ዘመቻ በአንድ ጊዜ የሚያካሂድ ድርጅት ላይ የሚደርሰውን ግጭት ነው። ጉዳዩ የነጋዴዎች እንጂ የሳይንስ ተማሪዎች አይመስልም። ወደ ውስጡ ሲገቡ ግን ሬዲዮ ሞገድ፣ ጂኦሜትሪና የቆጠራ ስታቲስቲክስ ይገኙበታል።

ለምሳሌ ያህል የጤፍ መውቂያ ማሽን የሚያስመጣ አንድ ድርጅት እንውሰድ። ድርጅቱ በእውን ያለ አይደለም፤ አገሩ ግን በእውን ያለ ነው። ዋናው መሥሪያ ቤቱ አዲስ አበባ፣ ቅርንጫፎቹ ቢቸናና ሞጣ ናቸው እንበል። ምሥራቅ ጎጃም የጤፍ አገር መሆኑ የታወቀ ነው፤ አጨዳው አልቆ ነዶው ተከምሮ አውድማው ሲለቀለቅ በሬ ከማበራየት ይልቅ ማሽን የሚሻ ገበሬ አይጠፋም። ገበሬው ራሱ ባይፈልግ ከተማ የሚማር ልጁ በስልኩ ይፈልግለታል። ልጁ ቢቸና ከተማ ውስጥ ቁጭ ብሎ «የጤፍ መውቂያ ማሽን» ብሎ ሲጽፍ የአዲስ አበባው ማስታወቂያ ቀድሞ ቢወጣለት የሚያገኘው የአዲስ አበባ ስልክና አድራሻ ነው። ማሽኑ ግን ከተቀመጠበት ጥቂት መቶ ሜትር ርቆ በቅርንጫፉ መጋዘን ውስጥ ቆሟል። ድርጅቱ ለጠቅታው ከፍሏል፤ ልጁም ለአባቱ «ሩቅ ነው፣ ለማጓጓዣ ብዙ ያስወጣል» ብሎ ይነግራል።

ሁለተኛው ዋጋ

የጨረታውን አሠራር ለመረዳት ጥቂት ወደ ኋላ እንመለስ። ለጠቅታ መክፈልን በመፈለጊያ ላይ ያስለመደው እ.ኤ.አ. በ1998 ሥራ የጀመረው ጎቱ የተባለ የአሜሪካ ኩባንያ ነው። በጎቱ ጨረታ አሸናፊው የሚከፍለው ራሱ የጠራውን ዋጋ ነበር። ይህም እንግዳ ነገር አስከተለ። ተጫራቾች አንዱ ሌላውን በሳንቲም እየበለጡ ዋጋውን ወደ ላይ ይገፉታል፤ ከአንድ ጣሪያ ሲደርስ አንደኛው ተስፋ ቆርጦ ወደ ታች ይወርዳል፤ ሌላኛውም ተከትሎት ይወርድና ሽቅብ መውጣቱ እንደገና ይጀመራል። ዋጋው በሰዓት ላይ ተስሎ ሲታይ የመጋዝ ጥርስ ይመስል ነበር። በኦሲሎስኮፕ ላይ ይህን ቅርጽ ያየ የፊዚክስ ተማሪ ወዲያው ያስታውሰዋል።

ጉግል እ.ኤ.አ. በ2002 የመረጠው ሌላ መንገድ ነው። አሸናፊው የሚከፍለው ራሱ የጠራውን ሳይሆን ከእርሱ ቀጥሎ ያለውን ለመብለጥ የሚበቃውን ያህል ብቻ ነው። የዚህ ሐሳብ መሠረት የተጣለው ዊልያም ቪክሪ የተባለው የምጣኔ ሀብት ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1961 ባሳተመው ጥናት ነው፤ ቪክሪ ለዚህና ለተያያዙ ሥራዎቹ በ1996 የኖቤል ሽልማት እንደተሰጠው ተነገረና በሦስተኛው ቀን ዐረፈ። በዚህ ሥርዓት የአሸናፊው ክፍያ በተከታዩ እጅ ነው። ተከታዩ ባላንጣ ከሆነ ደግ፤ ተከታዩ የራስ ቅርንጫፍ ከሆነስ?

እናስላው። ጉግል የሚያወዳድረው ዋጋን ብቻ አይደለም፤ ማስታወቂያው ለፈላጊው ምን ያህል ተስማሚ እንደሆነ የሚለካ የጥራት ነጥብም አለ። ነገሩን ቀለል ለማድረግ (በእውኑ ስሌት ሌሎችም መለኪያዎች ይገቡበታል) የአንድ ማስታወቂያ ደረጃ የተጠራው ዋጋ በጥራቱ ሲባዛ የሚገኘው ነው እንበል። የቢቸናው ቅርንጫፍ 4 ብር ጠራ፤ አድራሻው ቅርብ ስለሆነ ጥራቱ 8 ነው፤ ደረጃው 32 ይሆናል። ዋናው መሥሪያ ቤት 7 ብር ጠራ፤ ጥራቱ 4 ነው፤ ደረጃው 28። ሌላ ባላንጣ አስመጪ 3 ብር ጠራ፤ ጥራቱ 4፤ ደረጃው 12። ቅርንጫፉ ያሸንፋል። የሚከፍለው ግን 28ን ለራሱ ጥራት ለ8 አካፍሎ 3 ብር ከ50 ነው። ዋናው መሥሪያ ቤት ጨረታው ውስጥ ባይኖር ኖሮ 12 ለ8 ተካፍሎ 1 ብር ከ50 ብቻ በከፈለ ነበር። በእያንዳንዱ ጠቅታ ላይ የተጨመረውን 2 ብር ያመጣው ባላንጣ አይደለም። በ300 ጠቅታ 600 ብር ይሆናል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር መለየት ያስፈልጋል፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው በዚህ ነውና። ሁለቱ ዘመቻዎች በአንድ አካውንት ሥር ከሆኑ ከላይ ያሰላነው የዋጋ ንረት አይደርስም። መሣሪያው ከአንዱ አካውንት ማስታወቂያዎች መካከል አንዱን መርጦ ወደ ጨረታው ያስገባል እንጂ ሁለቱን አያፋልምም። ንረቱ የሚመጣው ቅርንጫፉ በራሱ ስም፣ ዋናው መሥሪያ ቤት በራሱ ስም፣ አልፎ አልፎም ወኪል ሻጩ በሦስተኛ ስም ለየብቻ አካውንት ሲከፍቱ ነው። አንድ አሳዋጅ በአንዱ የገጽ ክፍል ውስጥ ራሱን ደጋግሞ እንዳያሳይ የጉግል ደንብ ይከለክላል፤ ነገር ግን ሦስት የተለያዩ ስሞችና ድረ ገጾች የአንድ ቤት ልጆች መሆናቸውን ማሽን ሁልጊዜ አያውቅም።

በአንድ አካውንት ሥር መሆን ታዲያ ነገሩን ሁሉ ይፈታዋልን? አይፈታውም። ዋጋው ባይንርም ምርጫው ሊሳሳት ይችላል። ዋናው መሥሪያ ቤት ከፍ ያለ ዋጋ ከጠራ የቢቸናው ልጅ የሚያየው የአዲስ አበባውን ማስታወቂያ ነው፤ የቅርንጫፉ በጀት ሳይነካ ይውላል፤ በወሩ መጨረሻም «ቢቸና ላይ ፈላጊ የለም» የሚል ሪፖርት ይጻፋል። ከገንዘብ ብክነቱ ይልቅ ይህ የተሳሳተ መደምደሚያ የከፋ ይመስለናል።

የዚህን መልክ የሬዲዮ መሐንዲሶች ከጥንት ጀምሮ ያውቁታል። ሁለት ማሠራጫዎች በ100 ሜጋኸርዝ አንዱን ፕሮግራም ቢያስተላልፉ የሞገዱ ርዝመት 3 ሜትር ነው። ሁለቱ በእኩል ጉልበት በሚደርሱበት መካከለኛ ስፍራ በሁለቱ ማሠራጫዎች መሥመር ላይ የሚጓዝ ሰው በየ1 ሜትር ተኩሉ ድምፁ ሲደክምና ሲጠፋ ያገኘዋል። ፕሮግራሙ አንድ፣ ባለቤቱ አንድ፣ ነገር ግን ሞገዱ ሞገዱን ያጠፋዋል። መሐንዲሶቹ ለጎረቤት ማሠራጫዎች የተለያየ ድግግሞሽ ይሰጣሉ። በፍለጋ ማስታወቂያ ላይ ድግግሞሹን የሚተኩት ሁለት ነገሮች ናቸው፤ ስፍራና ቃል።

መሣሪያው ቢቸናን ከየት ያውቃታል?

ስፍራን መለየት ቀላል ይመስላል፤ የቢቸናን ሰው ለቢቸናው ዘመቻ፣ የቀረውን ለአገር አቀፉ መስጠት። ግን ስልኩ ቢቸና መሆኑ በምን ይታወቃል? የተሻለው መንገድ ጂ.ፒ.ኤስ. ነው። ከምድር በላይ በ20,200 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚዞሩት ሳተላይቶች የሚልኩትን ምልክት ስልኩ ይቀበላል፤ ቢያንስ ከአራቱ የመጣውን የጊዜ ልዩነት አስልቶ ያለበትን ቦታ ያገኛል። ብርሃን በአንድ ናኖ ሴኮንድ 30 ሴንቲ ሜትር ስለሚጓዝ ሰዓቱ ጥቂት ቢዛባ ቦታውም ይዛባል፤ እንዲያም ሆኖ ውጤቱ በሜትሮች የሚቆጠር ነው። ሁለተኛው የስልክ ማማ ነው፤ በገጠር አንድ ማማ በርካታ ኪሎ ሜትር ስለሚሸፍን ግምቱ በዚያው ልክ ይሰፋል። ሦስተኛው የኢንተርኔት አድራሻ ነው። ተጠቃሚው የስልኩን የቦታ ፈቃድ ሲዘጋ መሣሪያው የሚመረኮዘው በዋናነት በዚሁ ነው።

የኢንተርኔት አድራሻ ስለ ቦታ የሚናገረው ግን እጅግ ጥቂት ነው። አድራሻው የተሰጠው ለቴሌኮም ኩባንያው ነው፤ ከአንድ አድራሻ ጀርባ በርካታ ስልኮች ይሰለፋሉ፤ የመረጃው መውጫ በርም ከተጠቃሚው ከተማ በመቶዎች ኪሎ ሜትር ሊርቅ ይችላል። ስለዚህ በአገራችን የገጠር ከተማ ተጠቃሚ በአድራሻው ብቻ ሲፈለግ ብዙ ጊዜ አዲስ አበባ እንዳለ ሆኖ ይቆጠራል። ቢቸና ከአዲስ አበባ በቀጥታ መሥመር ከ160 ኪሎ ሜትር በላይ ትርቃለች፤ ለመሣሪያው ግን ፒያሳ አካባቢ ልትሆን ትችላለች። እንግዲህ ድርጅቱ «አዲስ አበባን ከቢቸናው ዘመቻ አግልልኝ» ብሎ ቢያዝዝ ከቢቸና ሰዎች ከፊሉንም አብሮ ያገልላል። ሥራውን በሩቅ አገር መጻሕፍት ብቻ የሚማር ሰው ይህን አያገኘውም፤ እነዚያ መጻሕፍት የተጻፉት አድራሻ ከሞላ ጎደል ከተማን በሚያመለክትበት አገር ነውና።

ኢንተርኔቱ ጨርሶ የማይኖርበት ጊዜም አለ። በ2015 ዓ.ም. ክረምት በአማራ ክልል የተቋረጠው የሞባይል ኢንተርኔት በብዙ ቦታዎች ለረጅም ወራት ሳይመለስ ቆይቷል። በዚያን ጊዜ የአካባቢ ዘመቻ ውጤት ዜሮ መሆኑ ስለ ገበያው ምንም አልተናገረም።

ሁለት ክቦች

መሣሪያው ከተማዋን በስሟ ባያቀርብ አሳዋጁ በካርታ ላይ ነጥብ አስቀምጦ ዙሪያዋን በክብ ያጥራል። ቢቸናና ሞጣ በቀጥታ መሥመር በ80 ኪሎ ሜትር ገደማ ይራራቃሉ። ለሁለቱም 50፣ 50 ኪሎ ሜትር ሬዲየስ ብንሰጥ ክቦቹ ይደራረባሉ። የርቀቱ ግማሽ 40፣ ሬዲየሱ 50፣ የጋራው አውታር ግማሽ 30 ነው፤ ሦስት፣ አራት፣ አምስት የሚባለው የታወቀው ሦስት ማዕዘን ወጣልን። የተደራረበው መሬት ስፋት 818 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ይሆናል (ስሌቱን ለአንባቢ እንተዋለን)፤ ከአንዱ ክብ ስፋት አንድ አሥረኛ መሆኑ ነው። በዚያ መሬት ላይ ያለ ገበሬ ሁለቱም ቅርንጫፎች ይጫረቱበታል። ሬዲየሱ 40 ቢሆን ክቦቹ ተነካክተው ይቆማሉ።

ክብ ግን መሬትን አያውቅም። ከቢቸና የተነሣው የ50 ኪሎ ሜትር ክብ በደቡብ ደጀንን አልፎ የዓባይን በረሃ ይሻገርና ወደ ጎሃ ጽዮን አቅጣጫ ይዘልቃል። ለክቡ ይህ ተራ ርቀት ነው። መውቂያ ማሽን ለጫነ መኪና ግን ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁል ወርዶ ያንኑ ያህል ሽቅብ መውጣት ነው። በምዕራብ በኩልም ከ4,000 ሜትር በላይ የሚቆመው ጮቄ አለ። ለዚህ ነው ከአንድ ትልቅ ክብ ይልቅ ገበያተኛው በእርግጥ የሚመላለስባቸውን ከተሞች የሚከተሉ ሦስት አራት ትንንሽ ክቦች የተሻሉ የሚመስሉን።

ቃልስ? ስፍራ በማይታመንበት አገር ቃል የበለጠ ይታመናል። «የጤፍ መውቂያ ቢቸና» ብሎ የጻፈ ሰው አዲስ አበባም ይኑር ዋሽንግተን የሚፈልገው ታውቋል። ስለዚህ የከተማ ስም ያለበት ፍለጋ ሁሉ ለአካባቢው ዘመቻ ይሰጣል፤ እነዚሁ ስሞች በአገር አቀፉ ዘመቻ ላይ እንደ አግላይ ቃል ይመዘገባሉ። አግላይ ቃል ፍለጋው ውስጥ ሲገኝ ማስታወቂያው እንዳይወጣ የሚያዝ ቃል ነው። ችግሩ የእኛ አጻጻፍ ነው። ከተማዋን «ቢቸና» የሚል አለ፤ «ብቸና» የሚልም አለ። «መውቂያ» እና «መውቅያ»ም እንዲሁ። ሰው ያለ ችግር የሚያነባቸውን እነዚህን ማሽን እንደ ልዩ ልዩ ቃላት ሊቆጥራቸው ስለሚችል፣ በተለይ በአግላይ ቃል ዝርዝር ላይ ሁሉንም አጻጻፎች አንድ በአንድ ማስገባት ይገባል። ሞጣ ደግሞ በላቲን ፊደል ስትጻፍ ሌላ ጣጣ አለባት፤ ሞታ-ኤንጂል ከተባለው የፖርቱጋል የግንባታ ኩባንያና በቫኑዋቱ ከምትገኝ ሞታ ከተባለች ደሴት ጋር ትቀላቀላለች። ለመውቂያ ማሽን ሻጭ የደሴቲቱ ጎብኚ ምንም አያደርግለትም።

መሣሪያዎቹ «በስፍራው ያሉትን» እና «በስፍራው ያሉትን ወይም ስለ ስፍራው ፍላጎት ያሳዩትን» የሚሉ ሁለት ምርጫዎች ያቀርባሉ። ሁለተኛው ሳይነኩት የሚገኘው ነው፤ ብዙ አሳዋጅም ሳያየው ያልፋል። በውጭ ሆኖ ለወላጆቹ ማሽን ሊገዛ ለሚያስብ የቢቸና ልጅ ሁለተኛው ይበጃል። የበጀቱ መጠን ለአውድማው ጎረቤት እንኳ በቅጡ ካልበቃ ግን የመጀመሪያውን መምረጥ ይሻላል።

ስንት ጠቅታ ይበቃል?

አካባቢውን ይበልጥ በመከፋፈል፣ ለቢቸና አንድ፣ ለሞጣ አንድ፣ ለደጀን አንድ ዘመቻ በማቋቋም ግጭቱን ማጥፋት ይቻላል የሚሉ አሉ። በዚህ አንስማማም፤ ምክንያታችንም ከቤተ ሙከራ የመጣ ነው። በጋይገር ቆጣሪ የሠራችሁ ተማሪዎች እንደምታስታውሱት፣ በዘፈቀደ የሚደርሱ ክስተቶች ቁጥር ኤን ቢሆን እርግጠኛ ያለመሆን መጠኑ የኤን ስኩዌር ሩት ነው። 2,500 ጠቅታ የቆጠረ አገር አቀፍ ዘመቻ ስሕተቱ 50፣ ማለትም 2 በመቶ ነው። በሳምንት 36 ጠቅታ የሚያገኝ የአካባቢ ዘመቻ ግን ስሕተቱ 6፣ ማለትም 17 በመቶ ገደማ ነው። ይህን ለሁለት ከፍለን ቢቸና 20፣ ሞጣ 16 አገኙ እንበል። ልዩነቱ 4 ነው፤ የልዩነቱ ስሕተት ደግሞ 6። «የቢቸናው ማስታወቂያ ይሻላል» ብሎ የሞጣውን የሚዘጋ ሥራ አስኪያጅ በሳንቲም ውርወራ እየወሰነ ነው።

ስለዚህ ቢቸናንና ሞጣን በአንድ የምሥራቅ ጎጃም ዘመቻ ሥር ማቆየት፣ ማስታወቂያው ላይ የሁለቱንም ቅርንጫፎች ስልክ ማኖር፣ አገር አቀፉን ግን ከእነዚያ ክቦችና ከእነዚያ ስሞች ማግለል ይሻላል። በአድራሻቸው ምክንያት አዲስ አበባ ተብለው የሚቆጠሩት የቢቸና ሰዎች አሁንም አገር አቀፉን ማስታወቂያ ያያሉ። ለእነርሱ የአገር አቀፉ ማስታወቂያ የሚያደርስበት ገጽ ከዋናው መሥሪያ ቤት ስልክ በፊት የቅርንጫፎችን ዝርዝር ማሳየት አለበት። ይህ ምንም ወጪ የለውም።

ወጪውን ካነሣን ዘንድ፣ ለጠቅታው የሚከፈለው ገንዘብ ወደ ውጭ ኩባንያ የሚሄድ ነው። የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ከተደረገበት ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. በኋላ አንድ ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነሥቶ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አልፏል። ያኔ በዶላር ያልተለወጠ የጠቅታ ዋጋ በብር እጥፍ ሊደርስ ጥቂት ቀረው። ከራስ ጋር የሚደረግ ጨረታም በዚያው መጠን ተወደደ።

የቀረው የጊዜ ጉዳይ ነው። ውቂያ ወቅት አለው፤ የአካባቢው ዘመቻም ከኅዳር ወር ተከፍቶ እህሉ ጎተራ ሲገባ ይዘጋል። በሚዘጋበት ዕለት በአገር አቀፉ ዘመቻ ላይ የተመዘገቡት ማግለያዎች አብረው መነሣት አለባቸው። ካልተነሡ በየካቲት ወር ለከርሞው ማሽን የሚያጠያይቅ የቢቸና ገበሬ የአካባቢውንም የአገር አቀፉንም ማስታወቂያ አያገኝም፤ ዋናው መሥሪያ ቤት ካርታ ላይም ምሥራቅ ጎጃም ማንም ሳያስተውለው እስከ ቀጣዩ ኅዳር ቀዳዳ ሆኖ ይቆያል።